የሃይብሪድ መኪና ወርሃዊ ሽያጭን እንዴት እናንብብ?

የወሩ የሃይብሪድ (በቤንዚንና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሄድ መኪና) ሽያጭ ሲወጣ ደብተሬን አወጣለሁ። ለዓመታት አራት ዓምድ ብቻ ነበረው፦ የተሸጠው ሃይብሪድ፣ በጠቅላላ የተሸጠው መኪና፣ የመሸጫ ቀናትና የቤንዚን ዋጋ። አምስተኛውን የጨመርኩት ከተሳሳትኩ በኋላ ነው።

መጀመሪያ በመሸጫ ቀናት አካፍሉ። በ26 ቀን 26,000 መኪና ከተሸጠ በቀን 1,000 ነው። በሚቀጥለው ወር በ24 ቀን 24,480 ቢሸጥ ዜናው «ቀነሰ» ይላል። በቀን ግን 1,020 ሆኗል፤ ጨምሯል ማለት ነው።

ከዚያ ድርሻውን አስሉ። ከ1,000,000 መኪና 30,000ው ሃይብሪድ ከሆነ 3 በመቶ ነው። ገበያው ወደ 800,000 ወርዶ ሃይብሪዱ 28,000 ቢሆን ድርሻው 3.5 በመቶ ይደርሳል። እኔ ከሁሉም በላይ የማምነው ይሄንን ነው። ጁላይ 2008 አሜሪካ ውስጥ የአንድ ጋሎን ቤንዚን ዋጋ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር፤ በዓመቱ መጨረሻ ከ2 ዶላር በታች ወረደ። የሃይብሪድ ሽያጭም ወደቀ። ነገር ግን በዚያው ሰሞን የገንዘብ ቀውሱ የሁሉንም መኪና ገበያ መትቶታል። የቤንዚኑን ጥፋት ከቀውሱ ጥፋት ለመለየት ድርሻውን ማየት ግድ ነው።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ። ሜይ 2008 ቤንዚን እየተወደደ የፕሪየስ (የቶዮታ ሃይብሪድ መኪና) ሽያጭ ካለፈው ዓመት ሜይ በብዙ ቀነሰ። እኔም ደብተሬ ላይ «ፍላጎት ቀዘቀዘ» ብዬ ጻፍኩ። ለካ መኪናው አልቆ ነው! ገዢ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ሻጭ ጋ የሚሰጥ የለም። አምስተኛው ዓምድ «ክምችት» የሆነው ያኔ ነው። ማርች 2011 ጃፓን በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ስትመታ ይሄ ዓምድ ጠቀመኝ። ፋብሪካ ቆመ፣ መለዋወጫ ጠፋ፣ የፕሪየስ ሽያጭ በተከታዮቹ ወራት አሽቆለቆለ። ፍላጎቱ ግን እዚያው ነበር።

የመንግሥት ማበረታቻም ቀን አለው፤ ቀኑን ደብተሩ ጠርዝ ላይ ጻፉት። አሜሪካ ከ2006 ጀምሮ ለሃይብሪድ ገዢ የግብር ቅናሽ ትሰጥ ነበር። አንድ አምራች 60,000 ሃይብሪድ ከሸጠ በኋላ ቅናሹ በየደረጃው ይቀንስ ነበር። የፕሪየሱ 3,150 ዶላር ነበር፤ ኦክቶበር 2006 ላይ በግማሽ ተቆረጠ። እንዲህ ያለ ቀን ሲቃረብ ሰው ሳያመልጠኝ ብሎ ይሻማል፤ ተከታዩ ወር ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሁለቱን ወራት ደምራችሁ ለሁለት አካፍሉ።

በመጨረሻ ከአምናው ተመሳሳይ ወር ጋር አወዳድሩ፤ ወቅቱ እንዳያሳስታችሁ። ግን የአምናው ወር ራሱ ጤነኛ ነበር ወይ? ሜይ 2012ን ከሜይ 2011 ጋር ካስተያያችሁ የፕሪየስ ሽያጭ የተወነጨፈ ይመስላል። እንዲህ ሲሆን አንድ ዓመት ወደኋላ ጨምራችሁ ከ2010 ጋር አስተያዩት።