ባሕር ዳር ቤት ሲከራዩ ግቢውን ሳያዩ እጅ አይምቱ

በአንድ ዓመት ውስጥ ባሕር ዳር ሦስት ቤት ቀይሬያለሁ። የመጀመሪያውን የለቀቅሁት በውሃ፣ ሁለተኛውን በበር ምክንያት ነው። ሦስተኛው ላይ እስካሁን አለሁ። ቤቶቹ እንደ ቤት አንዳቸውም አይከፉም ነበር፤ ያንገላታኝ ግቢው ነው። ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ዘመድ ለማስታመም መጥቶ ስድስት ወር፣ ዓመት የሚቆይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉን አይቶ ይስማማል፤ የሚኖረው ግን ከግቢው ጋር ነው። ስህተቶቹን እንደ ደረሱብኝ ልንገራችሁ።

ከሩቅ ሆኖ ቀብድ መላክ

ደላላው በቴሌግራም ስድስት ፎቶ ይልካል፤ ሁሉም በጠዋት ፀሐይ የተነሱ ናቸው። ከዚያ "ዛሬ ካልያዝከው ማታ ሌላ ሰው ይገባበታል" ይላል። ይግባበት። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ፔንሲዮን ይረፉና በእግርዎ ይዙሩ። የሰፈር ባለ ሱቅ የትኛው ግቢ ክፍል እንደ ተለቀቀ፣ ማን ለምን እንደ ለቀቀም ያውቃል፤ ደግሞ የሚያስከፍልዎ ነገር የለም። ደላላ መያዝ ካለብዎ የድለላው ገንዘብ ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው ቤቱን ከማየትዎ በፊት ይነጋገሩ። ቤቱ ልብዎ ውስጥ ከገባ በኋላ መደራደር ዘበት ነው።

ከተቻለ የፔዳና የፖሊ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች) ተማሪዎች በሚመለሱበት ሰሞን ቤት ፍለጋ አይምጡ። የጥምቀት ሰሞንም እንደዚያው ነው፤ ያኔ ማረፊያ ሁሉ በእንግዳ ይሞላል።

በሐይቁ መማረክ

ጣና በመስኮት የሚታይበት ቤት ማን ይጠላል? እኔም አልጠላሁም፣ ትንኟ እስክትመጣ ድረስ። የጣና ዳር ወባ የሚገኝበት ምድር ነው፤ ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ደግሞ ይብሳል። መስኮቱ ወንፊት አለው? ከአልጋው በላይ አጎበር የሚሰቀልበት ቦታ አለ? ይህን ሳያዩ የሐይቁን ነፋስ አያሞግሱ።

ባሕር ዳር ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ ዝናብ ሲጥል ውሃው ቶሎ የሚሄድበት የለውም። በበጋ ያዩት ቤት በሐምሌ ሌላ ቤት ነው። ግድግዳውን ከታች ጉልበት ድረስ ይመልከቱ፤ ቀለሙ ያበጠ ወይም አዲስ የተቀባ ከሆነ ይጠይቁ። ጣሪያውንም ቀና ብለው ይዩ። ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ በመጋቢትና በሚያዝያ ምጣድ ነው፣ በነሐሴ ከበሮ። (ደብረ ማርቆስ ቢሆን የምመክርዎ ስለ ብርድ ልብስ ነበር። ጎጃም አንድ ነው፣ አየሩ ግን አንድ አይደለም።)

ርቀቱንም በካርታ ብቻ አይለኩ። ሥራዎ ከተማው መሃል ሆኖ ቤትዎ ዓባይ ማዶ ወይም ዘንዘልማ ከሆነ በቀን ሁለት ጊዜ ዓባይን ይሻገራሉ። አዲሱ 380 ሜትር ድልድይ በ2016 ግንቦት ከተከፈተ ወዲህ መጨናነቁ ቀሏል፤ የባጃጁ ሒሳብ ግን ያው ነው። የወሩን ባጃጅ ኪራዩ ላይ ደምረው ያወዳድሩ። ርካሽ የመሰለኝ ቤት ሲደመር ከመሃል ከተማው እኩል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

"ውሃ አለ" ሲባል ማመን

የመጀመሪያው ቤቴ ጉድ እዚህ ላይ ነው። "ውሃ አለ?" አልኩ። "አለ" አሉኝ። አልዋሹም። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ አለ። ጄሪካን ደርድሬ ቧንቧ እያዳመጥኩ ያደርኩባቸውን ሌሊቶች ቆጥሬ አልጨርሳቸውም። አሁን የምጠይቀው ጥያቄ ሌላ ነው፤ "መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?" እላለሁ። አከራዩንም አልጠይቅ፣ ተከራዩን ነው። ሮቶ ካለም ከሮቶው ማን ማን እንደሚቀዳና ሲያልቅ ማን እንደሚያስሞላ ይወቁ።

መብራቱ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በአንድ ቆጣሪ አራት ተከራይ ነበርን፣ ሒሳቡ በሰው ቁጥር ይካፈላል። እኔ ሻይ አፈላለሁ፤ ጎረቤቴ ለሽያጭ እንጀራ ትጋግራለች። እሷ ምን አጠፋች? መጀመሪያ ያልተነጋገርኩት እኔ ነኝ። የራስዎ ቆጣሪ ከሌለ አከፋፈሉ ቁርጥ ያለ ይሁን። ምጣድ መሰካት ይፈቀድ እንደሆነም ይጠይቁ። በአንዳንድ ግቢ ሁለት ምጣድ አብሮ ከተሰካ መስመሩ ይወድቅና ግቢው ሙሉ ጨለማ ይሆናል፤ ከዚያ ጥፋተኛ ፍለጋው ይጀመራል።

በቃል ብቻ መግባት

"እኛ ጋ ወረቀት ምን ይሠራል፣ እንደ ልጃችን ነህ" መባል ደስ ይላል። ደስ ይበልዎና ወረቀቱን ይጻፉ። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድመ ክፍያውም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዝዛል። በክልል ከተሞች ተፈጻሚ የሚሆነው ክልሉ በሚወስናቸው ነውና እርስዎ በሚከራዩበት ቦታ እንዴት እንደሚሠራበት ክፍለ ከተማው ሄደው ይጠይቁ። የስድስት ወር ቅድሚያ ለሚጠይቅዎ ሰው ቢያንስ አዋጁን ጠቅሰው መነጋገሪያ ያገኛሉ።

ኪራዩን በባንክ ወይም በቴሌብር ይክፈሉ። አከራይ ነኝ የሚለው ሰው የቤቱ ባለቤት መሆኑን በይዞታ ካርታው፣ ወኪል ከሆነም በውክልናው ያረጋግጡ። ከውጭ አገር ለመጣ ሰው አንዲት የምትረሳ ነገር አለች፤ ወሩ የማን ወር ነው? በውሉ ላይ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ይጻፍ፤ ጳጉሜም ትቆጠር አትቆጠር አስቀድሞ ይታወቅ። ለአምስት ቀን ኪራይ ሰው ሲኮራረፍ አይቻለሁ።

የበሩን ሰዓት አለመጠየቅ

ሁለተኛው ቤቴ ውሃውም መብራቱም ሙሉ ነበር። አከራዬ እትዬ ብዬ የምጠራቸው ሴት ናቸው፤ ቡና ሲፈላ ሳይጠሩኝ ቀርተው አያውቁም። በሩ ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይቆለፋል፣ ቁልፉም እሳቸው ትራስ ሥር ነው። የእኔ ሥራ ሦስት ሰዓት ይወጣል። አንድ ሁለት ጊዜ አንኳኩቼ ገባሁ። በሦስተኛው ቡና ላይ ጠሩኝና፣

"ልጄ፣ እኔ ሰው ደጅ እያመሸ እንቅልፍ አይወስደኝም" አሉኝ።

"እትዬ፣ ቁልፍ ቢሰጡኝ እኮ ሳልቀሰቅስዎ እገባለሁ።"

"ቁልፉን ብሰጥህ እንቅልፉን ማን ይሰጠኛል?"

ምን ይመለሳል? በሰላም ለቀቅሁ፤ እስካሁን በበዓል እጠይቃቸዋለሁ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ካለበት ሁኔታ የተነሳ የምሽት መንገዱና የባጃጁ ሰዓት ስለሚለዋወጥ የእሳቸው ስጋት የብዙ አከራዮች ስጋት ነው። የሚያመሽ ሥራ ያለው ሰው ይህን በመጀመሪያው ቀን ይናገር።

የበሩን ሰዓት ሲጠይቁ ሌላውንም አብረው ይጠይቁ፤ እንግዳ ማደር ይችላል ወይ? የታጠበ ልብስ የት ይሰጣል? ማድ ቤቱ የጋራ ከሆነ በጾም ሥጋ ይበሰልበታል ወይ? በሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን የጋራ ድስት ላይ ጥብስ የጠበሰ ተከራይ አውቃለሁ። ማንም ምንም አላለውም። ቡና የሚጠራው ሰው ግን ጠፋ፣ እሱም ምክንያቱን ያወቀው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው።

ሦስተኛውን ቤት ለማየት ስሄድ አከራዩ ቁልፍ ሊያመጡ ገቡ። ቧንቧው ሥር አንዲት ተከራይ ልብስ ታጥባለች። ጠጋ ብዬ፣ "እህቴ፣ ውሃው መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝና ሳቀች። "ትናንት ማታ። አንተንም ከዚህ በፊት ጉድ ሠርተውሃል መሰል።"

"በሩስ?"

"ቁልፍ ለየራሳችን አለን።"

ክፍሉን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።