የ24 ሰዓት ላይቭ ከሰርቨር ስትለቁ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

መዝሙር ወይም የቆየ ሙዚቃ ቀን ከሌት በዩቲዩብ ላይቭ የሚለቁ ቻናሎች በዝተዋል። ከቤት ላፕቶፕ መልቀቅ የሚቻለው መብራት እስኪጠፋ ነው፤ ስለዚህ ሰው ሰርቨር (ሌላ ቦታ ቀን ከሌት የሚሠራ ኮምፒውተር) ይከራያል። ከዚያ ስትሪሙ (ስርጭቱ) መቆራረጥ ሲጀምር ጥፋቱ ሁሉ በሰርቨሩ ይላከካል። ብዙ ጊዜ ግን ሰርቨሩ ምንም አላጠፋም።

ትልቁ ስህተት ሰርቨሩን ቀኑን ሙሉ ኢንኮድ ማስደረግ፣ ማለትም ቪዲዮ ማሳመቅ ነው። ኤፍኤፍኤምፔግ የሚባለው የቪዲዮ ፕሮግራም ይጫናል፣ አንድ ትእዛዝ ከሆነ ቦታ ይገለበጣል፣ ፕሮግራሙም ያንኑ ቪዲዮ በዞረ ቁጥር እንደ አዲስ እያመቀ ይልካል። በርካሽ ቪፒኤስ (ከትልቅ ሰርቨር ተከፍሎ የሚከራይ ድርሻ) ላይ ያለችው አንድ ኮር (የፕሮሰሰር ክፍል) ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሎች ደንበኞች ጋር የጋራ ናት። ሌት ተቀን መቶ በመቶ ስትሠራ ወይ አቅም ያንሳታል፣ ወይ አከራዩ ፍጥነቷን ይቀንሳል። ያኔ ተመልካቹ ስልክ ላይ ያቺ ክብ መዞር ትጀምራለች።

ኢንኮዱን ቤት ውስጥ አንድ ጊዜ ጨርሱት። ሰርቨሩ ፋይሉን እንዳለ ይላክ፤ ትእዛዙ ላይ «ኮፒ» የሚባለው አማራጭ ለዚህ ነው። ትንሿ ቪፒኤስ ራሷ ትበቃለች።

ታዲያ ኮፒ የሚሠራው ፋይሎቹ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። አንዱ መዝሙር በስልክ የተቀረጸ ነው፣ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል)። ሌላው ከድሮ ዲቪዲ የተገለበጠ፣ 25 ፍሬም። የአንዱ ድምፅ 44.1 ኪሎ ኸርዝ፣ የሌላው 48። አንዱ ከሌላው ሲቀጠል የመጀመሪያው ደህና ይሄዳል፤ ሁለተኛው ላይ የዘማሪው አፍ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ይሆናል። ሁሉንም አስቀድማችሁ 1280 በ720፣ 30 ፍሬም፣ 48 ኪሎ ኸርዝ ስቴሪዮ አድርጉ። ኪፍሬሙም (ሙሉውን ምስል የሚይዘው ፍሬም) በየ2 ሰከንዱ ይሁን፣ ማለትም በየ60 ፍሬሙ። ዩቲዩብ የሚመክረው ይህንን ነው፤ ከ4 ሰከንድ እንዲያልፍ አይፈልግም። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሽም። ግን አንዴ ነው።

ዳታ ሳያሰሉ ጥቅል መግዛትም አለ። በሰከንድ በ2.5 ሜጋ ቢት የሚለቀቅ ስትሪም በቀን 27 ጊጋ ባይት፣ በ30 ቀን 810 ጊጋ ባይት ይበላል። ወደ 4.5 ከፍ ካደረጋችሁት በወር 1.46 ቴራ ባይት ገደማ ይሆናል፤ የአንድ ቴራ ጥቅል በ21ኛው ቀን አለቀ ማለት ነው። «ገደብ የለሽ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁም የአጠቃቀም ደንቡን አንብቡ።

ይህ ስሌት ወደ ዩቲዩብ አንድ መስመር ብቻ ሲላክ ነው። ተመልካቹ በቀጥታ ከሰርቨራችሁ እንዲያይ ካደረጋችሁ ነገሩ ሌላ ነው። 200 ሰው በ2.5 ሜጋ ቢት ሲያይ በሰከንድ 500 ሜጋ ቢት፣ በሰዓት 225 ጊጋ ባይት ይወጣል። ተዉት፤ ማከፋፈሉን ለዩቲዩብ ስጡት።

ሌላው፣ ትእዛዙን ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ አስጀምሮ ላፕቶፕ መዝጋት ነው። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ስትሪሙም አብሮ ይሞታል። ቲሙክስ የሚባለው፣ ግንኙነት ቢቋረጥም ትእዛዙን የሚያስቀጥል ፕሮግራም ከዚህ ያድናችኋል፣ ሰርቨሩ ሪስታርት ሲያደርግ ግን አያድናችሁም። ሲስተምዲ (ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳው ክፍል) ላይ እንደ ሰርቪስ አስገቡትና በወደቀ ቁጥር ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ራሱን እንዲያስነሳ እዘዙት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚደውልላችሁ አይኖርም።

ዩቲዩብ በራሱ ቀርጾ የሚያስቀምጠው ከ12 ሰዓት በታች የሆነ ስርጭት ነው። መሃል ላይ የእሁድ ስብከት በቀጥታ የምታስገቡ ከሆነ ለብቻው ቅረጹት፤ በኋላ ፈልጋችሁ አታገኙትም።

«መዝሙር ስለሆነ ማን ይጠይቀናል?» የሚሉም አሉ። ይጠየቃሉ። ቅጂው የዘማሪው ወይም የአሳታሚው ንብረት ነው። ዩቲዩብ የሰው ሥራ መሆኑን ካወቀ ላይቩን ሊያቋርጠው ይችላል፤ በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የቅጂ መብት ስትራይክ (የጥሰት ቅጣት) ደግሞ ቻናሉን ራሱን ያስዘጋል። ፈቃዱን በጽሑፍ ያዙ።

የስትሪም ቁልፍ፣ ማለትም ስርጭቱን ከቻናላችሁ ጋር የሚያገናኘው ምስጢራዊ ኮድ ነገርም አለ። ስትሪሙ እምቢ ሲል ሰው ስክሪኑን ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «እርዱኝ» ብሎ ይለጥፋል፤ ቁልፉ እዚያው ትእዛዙ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። ያየው ሁሉ በእናንተ ቻናል የፈለገውን መልቀቅ ይችላል። ከለጠፋችሁ ዛሬውኑ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ገብታችሁ ቀይሩት።

በመጨረሻ፣ ክፍያው። አገር ቤት ላለ ሰው የዶላር ካርድ ማግኘት ስለማይቀል አካውንቱን ብዙ ጊዜ የሚከፍተው ውጭ ያለ ዘመድ ነው፣ በራሱ ኢሜይል። ካርዱ ጊዜው ሲያልፍ ማስጠንቀቂያው እሱ ጋ ይሄዳል፣ እሱ ደግሞ ሥራ ላይ ነው። ካርዱ የእሱ ይሁን ግድ የለም። ኢሜይሉ ግን የእናንተ ይሁን፤ የፋይሎቹም ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ ሌላ ቦታ ይቀመጥ።