የማዕድን ጥናት አውሮፕላን በቦታዎ ላይ ዝቅ ብሎ ሲበር፦ በአሜሪካ እርሻና መሬት ላላቸው

ጅራቱ ላይ ረጅም ዘንግ የተተከለበት ትንሽ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አልፎ፣ ቆየት ብሎ ደግሞ በትይዩ መስመር ከተመለሰ የጂኦፊዚክስ ጥናት ላይ ነው። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከ2019 ጀምሮ «ኧርዝ ኤምአርአይ» በተባለው ፕሮግራም ወሳኝ ማዕድናት ሊገኙባቸው የሚችሉ አካባቢዎችን ከአየር ያስጠናል። የ2021ዱ የመሠረተ ልማት ሕግም 320 ሚሊዮን ዶላር መድቦለታል። የግል ኩባንያዎችም በራሳቸው ወጪ ያስበርራሉ። በረራው ከመሬትዎ የሚወስደው ነገር የለም፤ መጠንቀቅ ያለብዎት አስቀድሞ ለእንስሳትዎ፣ ኋላ ደግሞ ለፊርማዎ ነው።

ዘንጉ ውስጥ ያለው ማግኔቶሜትር የምድርን መግነጢሳዊ መስክ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ይለካል። በአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ የተጫኑት የሶዲየም አዮዳይድ ክሪስታሎች ደግሞ ከአፈር የሚወጣውን የፖታሲየም፣ የዩራኒየምና የቶሪየም ጋማ ጨረር በየሰከንዱ ይቆጥራሉ። ሁለቱም ይቀበላሉ እንጂ ምንም ጨረር አይለቁም። ሄሊኮፕተር ትልቅ ቀለበት አንጠልጥሎ ከመጣ ግን ጥናቱ ሌላ ዓይነት ነው፦ ቀለበቱ ደካማ የኤሌክትሮማግኔት ምት ወደ መሬት ይልካል፣ መልሱንም ይቀበላል፤ እስከ 300 ሜትር ጥልቀት ድረስም ሊያሳይ ይችላል።

በሁለት የበረራ መስመሮች መካከል ያለው የተለመደ ርቀት 200 ሜትር፣ ከፍታው 100 ሜትር ገደማ ነው። 50 ኤከር ካሬ ቦታ በአንድ ጎኑ 450 ሜትር ያህል ስለሆነ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይታለፍበታል፤ አልፎ አልፎ አንድ አቋራጭ መስመር ይጨመራል። በተነገረው ቀን ካልመጣ ተሰርዟል ብለው አይዘናጉ። ዝናብ በአየር ውስጥ ያለውን የሬዶን (ከዩራኒየም የሚመነጭ ጨረር አመንጪ ጋዝ) ትራፊ ወደ መሬት ስለሚያወርድ ሐሰተኛ ዩራኒየም ያሳያል፤ ስለዚህ አፈሩ ረጥቦ ከሆነ ወይም ንፋስ ካየለ በረራው ይዘገያል።

ስለ በረራው በወጣው ማስታወቂያ ላይ ባለው ስልክ ቀድመው ይደውሉ። የበረቱን ጂፒኤስ ነጥብ፣ የእንስሳቱን ዓይነትና ብዛት፣ የሚወልዱበትን ሳምንት፣ ምልክት የሌለው ምሰሶ ወይም የተዘረጋ ሽቦ ካለም ቦታውን ይንገሩ። «እርሻዬን በሙሉ ዝለሉልኝ» ማለት ብዙም አያዋጣም። አውሮፕላኑ 100 ሜትር ከፍ ሲል ከጋማው ግማሽ ያህሉ ይጠፋልና ሰፊ ክፍተት መተው አይፈልጉም። «በዚህች ነጥብ ላይ ብቻ ከፍ በሉልኝ» ያለ ሰው ግን የመሰማት ዕድሉ ሰፊ ነው።

በበረራው ሰሞን ፈረስ አይጋልቡ፤ በሾህ ሽቦ የታጠረ ጠባብ ግቢ ውስጥም አይተዉት። ዶሮዎች ሲደነግጡ ጥግ ላይ ተደራርበው ይታፈናሉ፤ የቤቱን ማዕዘኖች በጣውላ ወይም በካርቶን አጠጋግተው ይዝጉ፣ ሰውም በአቅራቢያው ይኑር። ድሮንዎን አያስነሱ። ወደ አውሮፕላን የሌዘር መብራት ማነጣጠርም ሆነ ጥይት መተኮስ ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው።

«ሰማዩስ የእኔ አይደለም?» ለሚለው፣ በ1946 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኮዝቢን ጉዳይ አይቷል። ሰውየው በሰሜን ካሮላይና ዶሮ ያረባ ነበር፤ ከበላዩ በ83 ጫማ ከፍታ በሚያልፉ የጦር አውሮፕላኖች ደንግጠው ከግድግዳ የተላተሙ 150 ያህል ዶሮዎች ሞቱበት። ፍርድ ቤቱ የመሬት ባለቤትነት እስከ ሰማይ ጥግ እንደማይዘልቅ፣ ነገር ግን እጅግ ዝቅ ያለና የተደጋገመ በረራ በመሬቱ መጠቀምን ከከለከለ ካሳ እንደሚያስከፍል ወሰነ። ሁለት ሦስት ጊዜ የሚያልፍ የጥናት በረራ እዚያ ደረጃ ላይ መድረሱ ያጠራጥራል። በአቪዬሽን ደንቡ ሰው በሳሳበት አካባቢ አውሮፕላን ከሰው፣ ከቤትና ከተሽከርካሪ 500 ጫማ መራቅ አለበት፤ ከዚያ ለመቅረብ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሄሊኮፕተር አደጋ እስካላስከተለ ድረስ ዝቅ ማለት ይችላል። ጉዳት ከደረሰ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውንና የምዝገባ ቁጥሩን ይያዙ (የአሜሪካ በኤን፣ የካናዳ በሲ ይጀምራል)፤ የእንስሳት ሐኪሙን ደረሰኝ አያይዘው መጀመሪያ ለድርጅቱ፣ ቀጥሎም ለፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ያመልክቱ።

የመንግሥት ጥናት ውጤት ለሕዝብ በነፃ ይለቀቃል፤ የግል ኩባንያ የራሱን ይዞ ሊቀር ይችላል። ካርታው ሲደርስዎ ቀይ ቀለም ወርቅ አይምሰልዎ። ብቻዋን የቆመች የማግኔት ነጥብ የቆርቆሮ መጋዘንዎ ልትሆን ትችላለች፤ ረጅም ቀጥ ያለ መስመርም ቀልጦ በስንጥቅ የገባ ጥቁር ድንጋይ ወይም የብረት ቧንቧ ይሆናል። ከሳተላይት ምስል ጋር ያስተያዩት። ይልቅ ዩራኒየም ከፍ ብሎ ከታየ የቤትዎን ምድር ቤት ሬዶን ያስለኩ፤ መስኮትና በር ተዘግቶ ቢያንስ 48 ሰዓት ይለካ፣ በሊትር 4 ፒኮኩሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ይታረም። ካርታው የሚያሳየው የአፈሩን የላይኛውን ግማሽ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ልኬቱን አይተካም።

ካርታው ከወጣ በኋላ ውል ይዞ በርዎን የሚያንኳኳ ሊኖር ይችላል። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትም የተፈጥሮ ሀብትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እዚህ ግን የምድሩ ሀብት የእርስዎ፣ የቀድሞው ሻጭ ወይም የፌዴራል መንግሥት ሊሆን ይችላል። ካውንቲው መዝገብ ቤት ሄደው የቦታውን ሰነዶች ወደኋላ እየቆጠሩ «ማዕድኑን ለራሴ አስቀርቻለሁ» የሚል አንቀጽ ይፈልጉ። በምዕራቡ ክፍል በ1916ቱ የከብት እርባታ መሬት ሕግ የተሰጠ ቦታ ከሆነ ማዕድኑ የመንግሥት ነው፤ ለፍለጋ የሚገባ ሰው ግን ከ30 ቀን በፊት ለባለመሬቱ ማሳወቅ አለበት። በረራው ለማንም ቁፋሮ አይፈቅድም።

ማዕድኑ የእርስዎ ከሆነና ቁፋሮ ከተጠየቁ፣ የጉድጓዱን ብዛት፣ የመኪናውን መግቢያና መሬቱ የሚመለስበትን ቀን በጽሑፍ ያስገቡ፤ ውሉን የማዕድን ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይይልዎት። የመጠጥ ጉድጓድዎን ውኃ ከመጀመሪያው ቁፋሮ በፊት በላቦራቶሪ ያስመርምሩ፤ በኋላ ውኃው ቢደፈርስ ወይም ጣዕሙ ቢለወጥ ማነጻጸሪያዎ ያ ወረቀት ነው።