ትራክያን በ61 ፊደል

በጥንት ዘመን በዛሬዋ ቡልጋሪያ አካባቢ ይነገር የነበረውንና የጠፋውን የትራክያን ቋንቋ ልታጠኑ ከተነሳችሁ የሰዋስው መጽሐፍ ፍለጋ አትድከሙ፤ የለም። በእጃችን ያለው አንድ የወርቅ ቀለበት፣ ጥቂት የድንጋይ ላይ ጽሑፍ፣ ግሪኮችና ሮማውያን በጆሯቸው እንደመጣላቸው የመዘገቧቸው ስሞች ናቸው። እኔ ከቀለበቱ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

ቀለበቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 በቡልጋሪያ፣ ኤዜሮቮ በምትባል መንደር ተገኘ። ዕድሜው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ5ኛው ክፍለ ዘመን ይቆጠራል። በ8 መስመር 61 የግሪክ ፊደላት ተቀርጸውበታል፤ ቃልን ከቃል የሚለይ ሁለት ነጥብ ግን የለም።

መጀመሪያ በእርሳስ ገልብጡት፤ በግሪክ ፊደል እንጂ በእኛ አይሁን። ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። የመጀመሪያው መስመር «ን» በሚል ድምፅ ያበቃል፣ ሁለተኛው በ«ኤ» ይጀምራል። እኔ በፊደላችን ስገለብጥ ሁለቱን አጋጥሜ «ኔ» ብዬ ጻፍኳቸው። ወዲያው «ሮሊስቴኔአስ ኔሬኔአ» የሚሉ ሁለት ያማሩ ስሞች ወጡልኝና ለቀናት በደስታ ሰከርኩ። ቃላቱን እንዲህ የሚቆርጡት ተመራማሪዎች አሉ፤ እነሱ ግን አስበውበት ነው። ለእኔ የቆረጠልኝ ፊደሌ ነበር።

ቀጥሎ እያንዳንዱን መስመር ቢያንስ በሁለት መንገድ ቁረጡ። ከመጀመሪያው መስመር መጨረሻ እስከ ሦስተኛው የሚዘልቀው «ኔሬኔአ ቲልቴአን» ነው ወይስ «ኔሬኔአቲል ቴአን»? ሁለቱም ቀርበዋል፤ ትርጉሙም በዚያው ልክ ይለያያል። አንዱን መርጣችሁ ሌላውን በላጲስ አታጥፉ።

ጠንከር ያለ ነገር የምታገኙት ከቦታ ስሞች ነው። የጥንቱ ግሪካዊ የጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦ «ብሪያ» በትራክያ ቋንቋ ከተማ ማለት እንደሆነ ጽፏል፤ የዛሬዋ የቡልጋሪያ ከተማ ኔሴባር የጥንት ስሟ ሜሴምብሪያ ነበር። ካርታ ዘርጉና እንደ ሱኪዳቫ በ«ዳቫ» የሚያበቁትን በሰማያዊ፣ እንደ ቤሳፓራ በ«ፓራ» የሚያበቁትን በቀይ አክብቡ። አብዛኛው ሰማያዊ ወደ ሰሜን፣ ቀዩ ወደ ደቡብ ሲከማች ታያላችሁ። ቡልጋሪያዊው የቋንቋ ሊቅ ቭላዲሚር ጌዎርጊዬቭ ዳክያ (ከትራክያ በስተሰሜን፣ በዛሬዋ ሩማንያ አካባቢ ይነገር የነበረው) እና ትራክያ ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎች ናቸው ሲል ከማስረጃዎቹ አንዱ ይኸው ነበር። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እኔ ከዚህ የበለጠ ያስደሰተኝ ሥራ የለም።

በመጨረሻ ጽሑፉን ከታችኛው መስመር ጀምራችሁ ወደ ላይ አንብቡት። እየቀለድኩ አይደለም። በሰሜን አልባኒያ የተገኘ አንድ ቀለበት ለዓመታት በጥንት ዘመን በምዕራብ ባልካን ይነገር የነበረው የኢሊርያ ቋንቋ ብቸኛ ጽሑፍ ተብሎ ሲጠቀስ ኖሯል፤ በላዩ ላይ የእንስት አምላክ ስም ያነበቡም ነበሩ። ኋላ መስመሮቹ ከታች ወደ ላይ ሲነበቡ የቢዛንታይን ዘመን ግሪክኛ ሆኖ ተገኘ፦ «ጌታ ሆይ፣ አናን እርዳት»። ከዚያ ወዲህ የኢሊርያ ጽሑፍ ቁጥር ከ1 ወደ 0 ወርዷል።