«አዲስ ነገር የለም» ከማለታችን በፊት፦ በራሳቸው የሚሠሩ ሙዚቀኞቻችንን ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ቡና ላይ ነበርን። ወሬው እንደተለመደው ወደ ሙዚቃ ዞረና አንዱ «ዘንድሮ እኮ የሚደመጥ ነገር የለም» አለ። ሌሎቹም ተስማሙ። እኔ ግን በዚያው ሳምንት ብቻ አራት አዲስ ነጠላ ዜማ ሰምቻለሁ፤ አንዷን ከአሥር ጊዜ በላይ። ስልኬን አውጥቼ ከፈትኩላቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙና «ማናት ደግሞ ይቺ? ከየት አመጣሃት?» አሉኝ።

በራሱ ገንዘብ ስቱዲዮ ተከራይቶ፣ ክሊፑን ጓደኛው ቀርጾለት፣ ራሱ የሚለቅ ልጅ ቢልቦርድ አይሰቅልም። ሬዲዮ ላይም ማስታወቂያ አያስነግርም። ዘፈኑን ይለቀዋል፣ ለሚያውቃቸው ሊንክ ይልካል፣ በቃ። እሱ ወደ እኛ የሚመጣበት መንገድ ጠባብ ስለሆነ እኛ ነን መሄድ ያለብን። ስንሄድ ግን የምንሳሳታቸው ነገሮች አሉ።

ዩቲዩብ የሰጠንን መቀበል

መጀመሪያ የምናደርገው ዩቲዩብን ከፍቶ ከላይ የመጣውን መጫን ነው። የፊት ገጹ የሚያመጣላችሁ ትናንትና ከትናንት ወዲያ የሰማችሁትን የሚመስል ነገር ነው። የትልልቆቹን ቻናል ስትሰሙ ከኖራችሁ መልሶ እነሱኑ ያመጣላችኋል። 300 ሰው ያየውን ክሊፕ እንዲያመጣ አትጠብቁ።

መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ ሙዚቀኛ ደስ ካላችሁ የራሱን ቻናል ሰብስክራይብ አድርጉ፤ ዘፈኑን ያገኛችሁበትን የሌላ ሰው ቻናል ግን ተዉት። ከዚያ ዩቲዩብን ስትከፍቱ የፊት ገጹን አልፋችሁ ሰብስክሪፕሽን የሚለውን ንኩ። እዚያ የተለቀቀው ሁሉ በጊዜ ቅደም ተከተል ነው የሚመጣው፣ ማንም አልመረጠላችሁም። በሳምንት አንድ ቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ስሙን በአንድ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ «የለም» ማለት

ከሁሉም በላይ ዘፈን የሚቀብርብን ይሄ ይመስለኛል፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

«ፀሐይ» የሚለውን ስም ውሰዱ። በፀሐዩ ፀ ወይም በጸሎቱ ጸ ይጻፋል። መካከለኛው ፊደል ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። ሲባዛ 12 ነው። አንድ የሦስት ፊደል ስም በ12 ዓይነት ይጻፋል፣ አፋችን ላይ ሁሉም አንድ ነው። ለእናንተ አንድ የሆነው ለመፈለጊያው ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም።

በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የባሰ ነው። ጸን አንዱ በቲና በኤስ፣ ሌላው በቲና በዜድ ይጽፈዋል። ቀን አንዱ በኪው፣ ሌላው በኬ ይጽፋል። ሳድሱን አንዱ ኢ ያደርገዋል፣ ሌላው አይ፣ ሌላው ጭራሽ ይተወዋል። ሙዚቀኛው የመጀመሪያ ነጠላ ዜማውን በአንድ አከፋፋይ (ዘፈኑን ወደ መተግበሪያዎቹ በሚልክለት ድርጅት)፣ ሁለተኛውን በሌላ ሲለቅ ስሙ ሁለት ዓይነት ከተጻፈ ስፖቲፋይ ላይ ሁለት ሰው ሆኖ ቁጭ ይላል። እናንተ አንዱን ተከትላችሁ አዲሱን ትጠብቃላችሁ፣ አዲሱ በሌላኛው ገጽ ከወጣ ሦስት ወር ሆኖታል። እኔ በጣም የምወደውን አንድ ክራር ተጫዋች በዚህ ምክንያት አንድ ዓመት ሙሉ «ጠፋ» ብዬ ነበር። አልጠፋም። አንድ ፊደል ነበረች።

ስለዚህ ስሙን በራሳችሁ አትጻፉ። ከኢንስታግራሙ ወይም ከቲክቶኩ ገጽ ላይ እንዳለ ቅዱት፣ እሱ ራሱ እንዴት እንደሚጽፈው እዚያ ታያላችሁ። ብዙዎቹ ሁሉንም ገጾቻቸውን የያዘ አንድ ሊንክ ከስማቸው ሥር ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ መግባት ከመፈለግ ይሻላል። እሱም ካልተገኘ የዘፈኑን አዝማች ጻፉ። በኦሮምኛ ለሚዘፍኑት ደግሞ በቁቤ ነው መፈለግ ያለባችሁ። ድርብ አናባቢውንና ድርብ ተነባቢውን ሳትዘሉ ጻፉ፣ አንድ ፊደል ሲጎድል ሌላ ቃል ይሆናል።

የሚሰማውን ዘፈን ለይቶ ስሙን የሚነግረን ሻዛምም ቢሆን ዋስትና አይደለም። በአከፋፋይ በኩል ያልተለቀቀ፣ ዩቲዩብ ላይ ብቻ የተጫነን ዘፈን ብዙ ጊዜ አያውቀውም። ሻዛም ዝም ሲል ዘፈኑ የለም ማለት አይደለም።

የተጫነበትን ቀን የወጣበት ቀን አድርጎ መውሰድ

«ከሁለት ቀን በፊት» ይላል፣ አዲስ ነው ብለን እንሰማለን። ዘፈኑ ግን የ4 ዓመት ሥራ ነው፣ ሌላ ሰው እንደገና ጭኖት ነው። ከታች አስተያየቱን ስታነቡ ታውቃላችሁ። ዩቲዩብ ከአከፋፋይ ተቀብሎ በራሱ የሚከፍታቸው፣ ከሙዚቀኛው ስም ጎን «ቶፒክ» የሚል ያለባቸው ገጾች አሉ። እዚያ መግለጫውን ስትከፍቱ የተለቀቀበት ቀን በግልጽ ተጽፎ ታገኛላችሁ።

የዘመን አቆጣጠሩን ነገር ደግሞ አትርሱ። «የ2017 አልበም» ሲባል የእኛ 2017 ነው ወይስ የፈረንጁ? ልዩነቱ ሰባት ስምንት ዓመት ነው። ሙዚቀኛው በእኛ ይጽፋል፣ መተግበሪያው በፈረንጅ ይጽፋል፣ አድማጩ መሐል ላይ ይደናገራል።

ዘፋኙን ብቻ ማየት

ክሊፑ መጨረሻ ላይ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግ፣ ማስተሪንግ እያለ ስም ሲያልፍ ነው ብዙዎቻችን የምንዘጋው። ውድ ሀብት ነው የምንዘጋው! አንድ ዘፈን ደስ ያላችሁ በድምፁ ነው ብላችሁ ታስባላችሁ፣ ስትመረምሩት ግን የያዛችሁ ቤዙ ነው፣ ወይም ዋሽንቱ ከከበሮው ጋር የተሰፋበት መንገድ ነው። ያን የሠራው አቀናባሪው ነው። አቀናባሪው ደግሞ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ አይሠራም። ስሙን ፈልጉ፣ ከእሱ ጋር የሠሩ ሌሎች ሦስት አራት ልጆች ታገኛላችሁ። እኔ አዲስ ድምፅ ከማገኝባቸው መንገዶች ሁሉ ይሄን የሚያህል የለም። ግጥም ላይ ልባችሁ የሚሄድ ከሆነም እንዲሁ አድርጉ፣ የግጥም ደራሲውን ተከተሉ።

ቴሌግራም ላይ አውርዶ መጨረስ

ዳታ ውድ ነው፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ፋይሉ ደግሞ ቴሌግራም ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ይገባኛል። ግን ቴሌግራም ላይ 5 ሺህ ሰው ያወረደው ዘፈን ለሙዚቀኛው ዜሮ ነው። አንድም ቁጥር አይቆጠርለትም። ቁጥር ደግሞ ለጀማሪ ትልቅ ነገር ነው። ስፖቲፋይ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ12 ወር ውስጥ 1000 ጊዜ ላልተደመጠ ዘፈን ክፍያ አያስብም። ለታዋቂ ዘፋኝ 1000 የአንድ ቀን ነገር ነው፣ ለአዲስ ልጅ ግን አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል፣ እናም የእናንተ አምስት ጊዜ መስማት እዚያ ላይ ትቆጠራለች።

አገር ውስጥ ያለን ሰዎች ለዚህ ተብለው የተሠሩ መተግበሪያዎች አሉን። ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ በ2011 ዓ.ም አውታርን የጀመሩት ሰው ዘፈን በስልኩ በሕጋዊ መንገድ እንዲገዛ ነበር። ኤልያስ በ2012 መስከረም ላይ አረፈ፣ ሐሳቡ ግን አልሞተም። ሰዋስው የተባለው መተግበሪያም ከዚያ በኋላ መጣ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ በ872/2007 ተሻሽሏል። ሕግ ግን የእያንዳንዳችን ስልክ ውስጥ አይገባም። ቴሌግራምን ለዜና ተጠቀሙበት፤ ማን ምን ለቀቀ የሚለው ቶሎ የሚሰማው እዚያ ነው። ለመስማት ግን ወደ ራሱ ወደ ልጁ ገጽ ሂዱ።

ውጭ ያላችሁ ደግሞ ሥራው ባንድካምፕ ላይ፣ ሙዚቀኛ ሥራውን በቀጥታ ለአድማጭ በሚሸጥበት ድረ ገጽ፣ ካለ ግዙት። ባንድካምፕ ከዲጂታል ሽያጭ በመደበኛው 15 በመቶ ወስዶ ሌላው፣ የክፍያ ማስተላለፊያው ተቀንሶ፣ ለሠሪው ይሄዳል። ከ10 ዶላር የሚደርሰውን ከአንድ ሺህ ጊዜ መደመጥ ጋር አወዳድሩት።

በበዓል ሰሞን ብቻ መስማት

ለእንቁጣጣሽና ለፋሲካ አልበም ይጎርፋል፣ ድሮም እንደዚያው ነው። ትልቅ ስም ያላቸው የሚለቁት ያኔ ነው፣ ማስታወቂያውም የእነሱ ነው። ትንሹ ልጅ በዚያ ሳምንት ከለቀቀ ማንም አይሰማውም። ኅዳር ላይ ፈልጉ። ሐምሌ ላይ፣ ዝናቡ ሲወርድ፣ ፈልጉ።

ፈረንጅ እስኪያገኝልን መጠበቅ

ይሄኛው ያመኛል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ሆኖ አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዞ አንድ ካሴት ቀረጸ። ካሴቱ አገር ቤት ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ አገኘውና በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና ታተመ። ያኔ ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ይነዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓለምን ዞረ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. አዲስ አልበም አወጣ። ካሴቱ ግን እኛው ሱቅ መደርደሪያ ላይ ነበር።

አሁንም እየደገምነው ነው። ሚካኤል ሰይፉ፣ እንዲሁም ኢትዮጵያን ሬከርድስ በሚል ስም የሚሠራው፣ እንደገና ሙሉ የተባለው ሙዚቀኛ፣ የአገራችንን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ጋር ሲያዋህዱ ሥራቸው የታተመው አሜሪካ ባሉ ትንንሽ አሳታሚዎች ነው። ፒያኒስቱ ሳሙኤል ይርጋ በ2012 እ.ኤ.አ. አልበሙን ያወጣው በእንግሊዝ አሳታሚ ነው። እዚህ ስማቸውን ስጠራ «ዘፋኝ ናቸው?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እዚህ ጋር ሌላ ስህተት አብሮ አለ፤ ግጥም የሌለውን ሙዚቃ እንደ ማጀቢያ ማየት። ከሥር ተናጋሪ የሚገባበት፣ ፕሮግራም እስኪጀምር የሚቆይ ነገር አድርገን ነው የለመድነው። አንድ ቀን ማታ መብራት አጥፍታችሁ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ እስከ መጨረሻው ስሙት።

በውጭ የሚኖሩትን የእኛን ሰዎችም አንዘንጋ። መክሊት ሐደሮ አሜሪካ፣ ምንይሹ ሆላንድ፣ ጊሊ ያሎና ኤስተር ራዳ እስራኤል ሆነው እየሠሩ ነው። የአገር ቤት አድማጭ እነሱን የሚያገኘው በአጋጣሚ ነው።

ስልክ ላይ ብቻ መፈለግ

ሙዚቀኛ ዘፈኑን ከመልቀቁ በፊት መድረክ ላይ ይሞክረዋል። ሰው ሲያጨበጭብ ያቆየዋል፣ ሰው ወሬ ሲጀምር ያስተካክለዋል። ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ የአዝማሪ ቤት በመላኩ በላይ እጅ ሆኖ ለስንት ሙዚቀኛ መድረክ እንደሆነ ያየ ያውቃል። ሰፈሩ ፈርሷል፣ ሙዚቀኞቹ ግን አሉ፣ የት እንደሚጫወቱ ገጻቸው ላይ ይጽፋሉ። ጎተ ኢንስቲትዩትና አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ የሙዚቃ ምሽት ያዘጋጃሉ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ልጆች ሲጫወቱ ሄዶ መስማት ደግሞ የነገዎቹን ስም ዛሬ መያዝ ነው። ከአዲስ አበባ ውጭ ያላችሁ የጎንደርና የባሕር ዳር አዝማሪ ቤቶች አሏችሁ፣ የሚያስቀና ነገር ነው።

አንድ ምሽት ላይ አንዲት ልጅ በክራር ብቻ የዘፈነችውን ዘፈን ሰማሁ። ስትጨርስ ሄጄ መቼ እንደምትለቀው ጠየቅኋት። «ብር ሳገኝ» አለችኝ። ከስምንት ወር በኋላ ወጣ። ቡና ላይ ለጓደኞቼ የከፈትኩላቸው እሱን ነው።

ሳይጽፉ ማለፍ

ታክሲ ውስጥ አንድ ዘፈን ይሰማል፣ «ቤት ስደርስ እፈልገዋለሁ» እንላለን፣ እንረሳዋለን። ለዚህ እኔ ቴሌግራም ላይ ለራሴ መልእክት እልካለሁ። አንዱ እንዲህ ይላል፦ «ኅዳር 12። ከመገናኛ ቦሌ። የወንድ ድምፅ፣ ጎርነን ያለ። መሰንቆ መሐል ላይ ብቻ ይገባል። አምባሰል ይመስላል። ሾፌሩ ከወንድሜ ፍላሽ ነው አለ።» ከዚህ በላይ ምንም አልነበረኝም። ማታ መሰንቆና አምባሰል የሚሉትን ከ«አዲስ ነጠላ ዜማ» ጋር እየቀያየርኩ ጻፍኩ፣ አላገኘሁትም። ሁለት መሰንቆ ተጫዋቾች ገጽ ላይ ገብቼ በቅርቡ ከማን ጋር እንደሠሩ አየሁ። ሁለተኛው ላይ አገኘሁት፣ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸች የ20 ሰከንድ ቪዲዮ ነበረች፣ ከሥሯ የዘፋኙ ስም አለ። ዘፈኑን 411 ሰው ነበር የሰማው። አስተያየት መስጫው ባዶ ስለነበር የት እንደሰማሁት ጻፍኩለት፣ የመገናኛ ታክሲ ውስጥ ብዬ። በማግስቱ ጠዋት «ታክሲ ውስጥ ገብቷል እንዴ?» ብሎ መለሰልኝ።