«ቀጭ» ብላ ዝም የምትለው ሃይሉክሴ፤ ጉዱ ማሳው (የባትሪው ነጋቲቭ ገመድ ሞተሩ ብረት ላይ የሚታሰርበት) ላይ ነበር

ሦስት ሳምንት አንገላታችኝ። አሮጌ የናፍጣ ሃይሉክስ ናት። ቁልፉን ሳዞር «ቀጭ» ትልና ዝም። አንዳንዴ በአምስተኛው ሙከራ ትነሳለች፣ ሲብስባት የሰፈር ልጆች ይገፏታል። አንዱ ጋራዥ ባትሪው ሞቷል አለኝ፣ ሌላው ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ቀይር አለኝ። ሁለቱም ገመድ እንኳ አልነኩም።

ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ተበድሬ ራሴ ገባሁበት። ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት፤ ደህና ነው። ከዚያ አንዱን ጫፍ የባትሪው ነጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ባዶ የሞተር ብረት ላይ አስይዤ ልጄን «በል አዙር» ስለው ቴስተሩ 2.3 ቮልት አሳየኝ! እዚያ መሀል ከ0.5 ቮልት በላይ መጥፋት የለበትም። ሞተሪኖው የሚፈልገው ጉልበት መንገድ ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው። ለማረጋገጥ ባትሪ የምንበዳደርበትን ወፍራም ገመድ ከነጋቲቩ በቀጥታ ሞተሩ ብረት ላይ ነከስኩት። በአንዴ ተነሳች!

ከስር ገብቼ ሳይ የማሳው ብሎን በዘይትና በጭቃ ተለውሷል፣ የገመዱ ራስ ደግሞ አረንጓዴ ዝገት ለብሷል። ባትሪውን ፈታሁ (መጀመሪያ ነጋቲቩን፣ አደራ)፣ ገመዱንም የሚያርፍበትንም ብረት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተግኩ፣ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩና ላዩን ግራሶ ቀባሁት። አሁን 0.1 ነው የሚያሳየው። ወጪዬ የብርጭቆ ወረቀቱ ብቻ።

በብርድ ጠዋት የማሞቂያ ካንዴላው መብራት እስኪጠፋ አሁንም እጠብቃለሁ፤ እሱ እንኳ የናፍጣ ጸባይ ነው።