ከትልቁ አንጀት (ኮሎን) ካንሰር ኦፕራሲዮን በኋላ የፓቶሎጂ ወረቀቱን እንዴት እናንብብ?

ሐኪሙ ከኦፕራሲዮን ክፍል ወጥቶ «ሙልጭ አድርገን አውጥተነዋል» ካላችሁ እሰየው ነው። ግን የነገራችሁ በዓይኑ ያየውን ነው። ጠርዙ ላይ የቀረ የካንሰር ሴል መኖር አለመኖሩን የሚናገረው የፓቶሎጂ ውጤት፣ ማለትም የወጣው ሥጋ ላቦራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ ታይቶ የሚጻፈው ወረቀት ነው፤ ቀጣዩ ሕክምና የሚወሰነው በእሱ ስለሆነ፣ ቱሉ ዲምቱም ኑሩ ኮዬ ፈጬ፣ «መንገዱ ሩቅ ነው» ብላችሁ ሳትቀበሉት እንዳትቀመጡ።

ሥራው የሚጀምረው ቀድሞ ነው። የተቆረጠውን አንጀት ላቦራቶሪ የሚያደርሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ለቤተሰብ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ያኔ አፉ ሰፊ የሆነ፣ በደንብ የሚከደን ዕቃ አዘጋጁ። ፎርማሊኑ (ሥጋው እንዳይበላሽ የሚቀመጥበት ፈሳሽ) ሥጋውን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነው። ስሙ ክዳኑ ላይ ብቻ ሳይሆን ዕቃው ላይም ይጻፍ፣ ሐኪሙ የሞላው መጠየቂያ ወረቀትም አብሮ ይሂድ። ያለ ፎርማሊን ቤት ይደር ማለት ግን ፈጽሞ አይሆንም፣ ሥጋው ይበላሻል። ሚኒባስ ውስጥ ጭናችሁ ላይ ይዛችሁም አትሳፈሩ፤ ከፈሰሰ የተሳፋሪውን ሁሉ ዓይን ያቃጥላል። ኮንትራት ያዙ።

ውጤቱ ሲደርስ «ማርጂን» የሚለውን ፈልጉ። ቢላው ያረፈበት ጠርዝ ማለት ነው። ሁለቱ የአንጀት ጫፎች ብዙ ጊዜ አያስቸግሩም፣ ምክንያቱም ሐኪሞች ከዕጢው በሁለቱም በኩል 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ርቀው ነው የሚቆርጡት። 10 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ብቻ ደግሞ በሽተኛው የበለጠ ይኖራል ማለት አይደለም። እኔ የምፈራው የዙሪያውን ጠርዝ፣ «ራዲያል» ወይም «ሰርከምፈረንሻል» የሚሉትን ነው። ዕጢው የአንጀቱን ግድግዳ በስቶ ወደ ውጭ ካደገ የሚነካው እሱን ነው። ካንሰሩ ከዚህ ጠርዝ ያለው ርቀት 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ «ፖዚቲቭ» ይባላል፣ ጠርዙ ንጹሕ አይደለም ማለት ነው። ወረቀቱ ስለ ዙሪያው ጠርዝ ምንም ካላለ፣ ሳታፍሩ ጠይቁ።

ወረቀቱ ላይ «አር 0» (R0) ከተባለ በማይክሮስኮፕም የቀረ የለም። «አር 1» በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ ቀርቷል፣ «አር 2» በዓይን የሚታይ ቀርቷል ማለት ነው። ሁለቱም የመመለስ ዕድሉን ከፍ፣ በሕይወት የመቆየት ዕድሉን ዝቅ ያደርጋሉ። ቢሆንም የሞት ፍርድ አይደለም፤ ድጋሚ ኦፕራሲዮን፣ ኬሞ ወይም ጨረር ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪሙንም የካንሰር ስፔሻሊስቱንም ጠይቁ።

ጠርዙ ንጹሕ ነው ብላችሁ ግን አትዘናጉ። ስንት ሊምፍ ኖድ (ካንሰር ሊዛመትባቸው የሚችሉ፣ አንጀቱ አጠገብ ያሉ ትንንሽ እጢዎች) እንደታየ፣ ስንቱ ካንሰር እንደተገኘበት ተመልከቱ። ቢያንስ 12 መታየት አለበት። ካነሰ ከተረፈው ሥጋ ተጨማሪ እንዲፈለግ በሐኪሙ በኩል አስጠይቁ፣ ላቦራቶሪው የተረፈውን ለዘላለም ስለማያስቀምጥ ቶሎ በሉ።

ካንሰሩ አንድ ኖድ ላይ እንኳ ከተገኘ አብዛኛውን ጊዜ ኬሞ ይታዘዛል፣ በ8 ሳምንት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል። ወረፋውን ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ የካንሰር ክፍሉን ቀጠሮ ውጤቱን እየጠበቃችሁ ያዙ። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንሱት፣ ዋናውን በፕላስቲክ አድርጉና ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ይዛችሁ ሂዱ።